ሁለት የግራ ጓንቶች

የምወደው ሰው ለእናቱ ያመጣላትን አበባ ከእናቱ እጅ ነጥቄ ወለል ላይ ጣልኩት። ያውም በገዛ ቤታቸው፣ ያውም በመጀመሪያው ትውውቃችን ቀን፣ ያውም በእንግዳ ፊት። "ይትፉት!" ብዬ ጮኽኩ፣ በወደፊት አማቴ ላይ። ይህን ስታነቡ "ይቺስ ለይቶላታል" ብትሉ አልቀየማችሁም፤ በዚያ ምሳ ላይ የነበሩት ሁሉ ያሉት ይህንኑ ነው። ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝና ፍረዱ።

የፋብሪካው ሠራተኞች "አረሟ" ይሉኛል። እኔም አልጠላሁትም። ከባትሪ ፋብሪካው ጀርባ አንድ ሰፊ ግቢ አለ። ድሮ አሮጌ የመኪና ባትሪ በመዶሻ እየተፈለጠ ውስጡ ያለው አሲድ መሬት ላይ ይደፋ የነበረው እዚያ ነው። እርሳሱም፣ ካድሚየም የሚባለው ሌላው ክፉ ብረትም አፈሩ ውስጥ ቀሩ። ዝናብ ሲጥል ደግሞ በቦዩ እየተንሸራተቱ ወደ ታች፣ ወደ እኛ ሰፈር ይወርዳሉ። አፈሩን ሁሉ ዝቆ መውሰድ የማይታሰብ ነው፤ ተዝቆስ የማን ደጅ ይደፋል? ስለዚህ የምሠራበት የምርምር ጣቢያ እኔን ላከኝ። እኔም በቦዩ ዳር ፊላ ተከልኩ፣ ግቢውን በሙሉ የሱፍ አበባ ዘራሁበት። ፊላው ውሃውን ያጣራል። የሱፍ አበባው በሥሩ መርዙን እየሳበ በገላው ያጠራቅመዋል። ፍሬው ሳይጠነክር፣ ወፍ ሳይለቅመው፣ ከነሥሩ ነቅዬ በጆንያ አስሬ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ምድጃ እንዲቃጠል እልከዋለሁ። አመዱ በሲሚንቶ ይታሸጋል። ከዚያ እንደገና መዝራት ነው። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል ይላሉ። እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ ያለኝ እልህ ነው። እልህም ይሠራል።

እልሁን ያስያዘኝ አባቴ ነው። አባቴ በዚያ ፋብሪካ እርሳስ አቅላጭ ነበር። እጆቹ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ከማቅለጫው አንስተው የኋላው በር ዘበኛ አደረጉት። ውሃ ሲጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዛል፤ ያም ሆኖ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ይፈሳል። "ሙቀቱ በርትቶ ትንሽ ልቀዝቅዝ ብዬ ነው" ይላል። እንስቃለን። እኔ የምስቀው ፊቴን አዙሬ ነው።

ያንን የምወደውን ሰው ያወቅሁት በጓንት ምክንያት ነው። የፋብሪካው ባለቤት አንድያ ልጅ ነው፣ የሽያጭ ክፍሉን የሚመራ። አንድ ቀን ጓንቴ ተቀዶ እጄን በፌስታል ጠቅልዬ ስነቅል በአጥሩ ሽቦ አየኝ። ምንም ሳይል ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ወፍራም የጎማ ጓንት ይዟል። ሩጦ ስለመጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጓንቱን አጠለቅሁና አየሁት።

"ሁለቱም የግራ ናቸው" አልኩት።

"እ... እንዴ?"

"ለቀኝ እጄ አላዘንክለትም ማለት ነው።"

ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእኔ ስሙ "ሁለት ግራ" ሆነ። ጓንቱን መልሼ ማስቀየር እችል ነበር። አላስቀየርኩም። አንዱን ገልብጬ በቀኝ እጄ እያጠለቅሁ፣ አውራ ጣቴ ቦታውን አጥቶ እየተሰቃየ፣ እንደዚያው ስሠራ ከረምኩ። ሰው ሲወድ እንዲህ ነው የሚጃጃለው።

ከዚያ በኋላ ሥራ ሲያልቅ በአጥሩ በኩል ማለፍ አበዛ። መጀመሪያ ሰላምታ ነበር፤ ቀጥሎ ሰላምታው ረዘመ። የተዘራበትን ቀን የምጽፍባቸው የምልክት እንጨቶች አሉኝ። ከቀኑ ሥር በትንንሽ ፊደል "ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ያማርሽው?" ብሎ መጻፍ ጀመረ። የጣቢያው ኃላፊ ለጉብኝት መጥተው አንዱን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። እኔ ያን ቀን መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አፈሩም የተበከለ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ሆዴን ያቃጥለው ነበር። እሱ በበሩ ባለፈ ቁጥር አባቴ ከወንበሩ ብድግ ይላል። "አባባ፣ በእግዜር፣ አይነሱብኝ" ይለዋል። አባቴ ግን ይነሳል፣ ኮፍያውንም ያወልቃል። የባለቤቱ ልጅ ነዋ። እኔ በልቤ ያስቀመጥኩት ሰው ሲመጣ አባቴ እግሩ ሥር የሚያጎነብስ ከሆነ፣ እኔ በየት በኩል አጠገቡ ልቁም?

* * *

ለምሳ የተጠራሁት በእሁድ ነው። ቀሚሴን ተኩሼ፣ በጥፍሬ ሥር የገባውን አፈር በብሩሽ ፈግፍጌ ሄድኩ። ቤታቸው ከኮረብታው ላይ ነው። ከመስኮቱ ፋብሪካው ይታያል፤ ታች ያለው የእኛ ሰፈር ግን በዛፍ ተከልሏል። ገና እንደገባሁ ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ፣ በውስጡ ደግሞ የደመቁ የሱፍ አበቦች። ግንዳቸው ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

ያንን ክር ያሰርኩት እኔ ነኝ። ለምርመራ በለየኋቸው ላይ።

"ደስ አይሉም?" አለኝ ሁለት ግራ በጆሮዬ። ዓይኑ እንደ ሕፃን ያበራል። "ጠዋት ራሴ ነኝ የቆረጥኳቸው። እናቴ የሥራሽን ውጤት በእጇ እንድትይዝ ብዬ። አባቴ ነገረኝ እኮ! ምርመራው ነጽቷል ብሎ ወጣ አሉ። አሸነፍሽ!"

የቱ ምርመራ? መርማሪዋ እኔ ነኝ። ይህን ልለው ስዞር አባትየው እጃቸውን ዘርግተው መጡ። ግርማ ሞገስ ያላቸው፣ ሲስቁ ሰውን የሚያሞቁ ሰው ናቸው። እውነቱን እናገራለሁ፣ ጥሩ አድርገው ነው የተቀበሉኝ። "ነይ ልጄ፣ ነይ እዚህ ጋ" ብለው ከአንድ እንግዳ ጎን አስቀመጡኝ። እንግዳው የከተማው የመሬት ኃላፊ ናቸው።

"እንግዲህ ባለሙያዋ ይቺ ናት" አሉ ባለቤቱ። "ያንን ግቢ ለሠራተኞቻችን ቤተሰቦች ልንሰጠው ነው፤ ጎመንም ካሮትም እያለሙ ይብሉበት። ነገ ጠዋት ዶዘር ገብቶ ያስተካክለዋል። ወረቀቱን እሳቸው ይፈርሙልናል፤ አንቺ ብቻ መሬቱ መንጻቱን በአንደበትሽ ንገሪያቸው።" ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የእናንተን ነገር ደግሞ ከምሳ በኋላ ቁጭ ብለን እንጨርሳለን። እኔ ልቤ ክፍት ነው።"

ገባኝ። መሬቱ ነጽቷል ከተባለ የማጽዳቱ ዕዳ ከእሳቸው ላይ ይወርዳል፤ የግቢው ሥራዬ መዘጋትና የሰርጉ መከፈት በአንድ ቁልፍ ነበር። ዶዘሩ አበቦቹን ከገለበጣቸው በገላቸው የተሸከሙት ሁሉ ተመልሶ አፈር ይገባል፤ በላዩም ጎረቤቶቼ ጎመን ይተክላሉ። ቀና ብዬ ሁለት ግራን አየሁት። በሙሉ ፊቱ ይስቅልኛል። ምንም አልገባውም። አልዋሽም፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቀውም።

በዚያች ቅጽበት "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

እናትየው አንዱን አበባ ከማስቀመጫው አውጥተው ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ከዳር ዳር ያሉትን ለጋ ፍሬዎች እየለቀሙ ይቆረጥማሉ። "እንዲህ ሳይደርቅ ነው የሚጣፍጠው" አሉኝ ፈገግ ብለው፣ ለእኔም ሊያቀብሉኝ እጃቸውን ዘርግተው።

አንድና ሁለት ፍሬ ማንንም እንደማይገድል አውቃለሁ። ዝም ብል ምንም አይሆኑም ነበር። ግን በእሳቸው እጅ ላይ ከኋላ የሚመጡትን እጆች ሁሉ አየሁ። ቦዩ አጠገብ የምትኖረውን ልብስ ሰፊ ጎረቤቴን አየሁ፣ የገዛ እህቴን አየሁ፣ ብርጭቆ የማይጸናለትን የአባቴን እጅ አየሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ።

"ይትፉት! እትዬ፣ ይትፉት!"

እትዬ በድንጋጤ መሐረባቸው ላይ ተፉ። አበባው ወለሉ ላይ ተበተነ።

"በገዛ ቤቴ?" አሉ ባለቤቱ። ሳቃቸው የት እንደገባ እንጃ። "ምን ማለትሽ ነው? ነጽቷል እያልኩ!"

"አልነጻም ጋሼ። ገና ነው። ንጹሕ ቢሆን ከእትዬ አፍ አላስተፋም ነበር።"

"ጠግበሻል! አንቺ የዘበኛ ልጅ!"

"አዎ፣ የዘበኛ ልጅ ነኝ። የእርስዎን እርሳስ ሲያቀልጥ ኖሮ ዛሬ ውሃ መጠጣት ያቃተው የዘበኛ ልጅ። ጎመኑን መጀመሪያ እዚህ ማዕድ ላይ ያቅርቡትና ከዚያ ለእኛ ይስጡን!"

እንዲህ እንደምናገር ራሴም አላውቅም ነበር። አፌ አልታዘዝም አለኝ። ወደ እሱ ዞርኩ። አንድ ቃል ነበር የምፈልገው። አንድ ብቻ። እሱ ቆሞ እጆቹን ያያል። ቀና አላለም።

"አንተስ?" አልኩት።

እጆቹን ገለበጣቸውና አያቸው።

የአባቱ ስድብ ቆዳዬን ነበር የነካው፤ የእሱ ዝምታ አንጀቴን ቆረጠው። ተንበርክኬ አበቦቹን አንድ ባንድ ለቀምኩ፣ በሻርፔ ጠቀለልኳቸው፣ ወጣሁ። በሩን እንኳ በኃይል አልዘጋሁትም። ክፍት የተውኩት ተከትሎኝ የሚወጣ ሰው ይኖራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ይመስለኛል።

* * *

አባቴ የኋላው በር ላይ በፕላስቲክ ወንበሩ ተቀምጧል። ከሩቅ አይቶኝ ፊቱን አዞረ። ደርሼ አጠገቡ ስቆም ተነፈሰ።

"ስልክ ደወሉ" አለኝ። "ልጅህን እንዳታስገባ አሉኝ። ካስገባህ ነገ አንተም አትምጣ አሉኝ።"

"አባዬ፣ ዛሬ ካልነቀልኩት ነገ ዶዘሩ ይገለብጠዋል። የደከምኩበት ሁሉ አፈር ይበላዋል። ግን ሥራህን..."

"እኔ ምን አልኩ?" አለ። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። በሚንቀጠቀጡ ጣቶቹ ትንሽ ይዞት ቆየና ለቀቀው። እግሬ ሥር ወደቀ። "አየሽ? ወደቀብኝ። እጄ እንደማይጸና እነሱም ያውቃሉ፤ እነሱ ናቸው እንዲህ ያደረጉት። ማን እንዳነሳው ደግሞ ዓይኔ ደክሟልና አላየሁም።"

እግሩ ላይ ወድቄ ማልቀስ ፈልጌ ነበር። "ቶሎ በይ እንጂ!" ብሎ ተቆጣኝ።

ግቢው ጥግ ባለችው የመሣሪያ መጋዘኔ ውስጥ ልብሴን ቀየርኩ፣ ሁለቱን የግራ ጓንቶቼን አጠለቅሁ፣ መንቀል ጀመርኩ። የሱፍ አበባ ከላይ ሲያዩት ለስላሳ ነው፤ ሥሩ ግን በቀላሉ አይለቅም። እየጎተትኩ፣ እየወደቅሁ፣ እየተነሳሁ፣ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ስድብ እየሰጠሁ ነቀልኩ። ስድቡ ለአበባው አልነበረም። አንዱን መደብ ጨርሼ ወደ ኋላ ሳይ ግቢው ገና ሙሉ ነው። አበቦቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ቆመዋል። ለብቻዬ አልችለውም። ይህን ሳውቅ ነው እንባዬ የመጣው።

የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ሁለት ግራ በበሩ ገባ። አባቴ እንደ ልማዱ ሊነሳ ወገቡን ሲያቃና፣ ትከሻውን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

"ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ አይነሱም" አለው። "የምነሳው እኔ ነኝ።"

ሰማሁ፤ ግን ሆዴ አልራራም።

"ምን ልታደርግ መጣህ?" አልኩት ሳልዞር።

"ልነቅል።"

"ሂድ እናትህን አጽናና።"

"የላከችኝ እናቴ ናት።"

እጄ ግንዱ ላይ ቀረ።

"አንቺ ስትወጪ" አለ፣ "እናቴ ከወለሉ ላይ አንድ ፍሬ አነሳች። አንቺን ያመለጠሽ። አባቴ ሳህን ላይ አስቀመጠችለት። 'ንጹሕ ከሆነ ብላው' አለችው።"

"በላው?"

"እንግዳው አባቴን ያያል፣ አባቴ ፍሬዋን ያያል። አባቴ ሳህኑን ገፋው። 'ለአንተ ሲሆን መርዝ፣ ለታች ሰፈር ሲሆን ምሳ ነው?' አለችው። እናቴን እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። ሰውየውም እስክሪብቶውን ኪሱ ከትቶ ወጣ።"

"ዶዘሩስ?"

"እሱ አልቀረም። አባቴ እልህ ይዞታል፤ ግቢው የእኔ ነው፣ የገዛ መሬቴን ባገላብጥ ማን ይጠይቀኛል አለ። ነገ ጠዋት ይገባል።"

አሁን ዞርኩ። ዓይኑ ቀልቷል። ልቤ ወደ እሱ ሊሮጥ ሲል በንዴቴ ያዝኩት።

"አንተስ ለምንድን ነው ዝም ያልከኝ? አንድ ቃል! ሌላ ምን ጠየቅሁህ? የአባትህን ፊት አይተህ ነው ወይስ የእኔን ቀሚስ?"

"እጄን አይቼ ነው!" ብሎ ጮኸ። ጮኾብኝ አያውቅም። "በዚህ እጄ ነው የቆረጥኩት። በዚህ እጄ ነው ለእናቴ ያቀበልኳት። አባቴ ነጽቷል ሲለኝ አመንኩት፣ ያሸነፍሽ መስሎኝ እየዘለልኩ መጣሁ። የገዛ አባቴ ዋሸኝ፣ እኔ ደግሞ እናቴን መርዝ አጎረስኳት። ያን ጊዜ ቃል ከየት ላምጣ? ንገሪኝ፣ ከየት?"

"እኔን መጠየቅ ነበረብህ!"

"ነበረብኝ።"

"ከአጥሩ ምንም አይውጣ ብዬህ ነበር!"

"ብለሽኛል። ጥፋቴ ነው። ስደቢኝ፣ ምቺኝ፣ የፈለግሽውን አድርጊ። ሂድ ግን አትበይኝ። ያን ቤት ለቅቄ ነው የወጣሁት፤ ግቢው እስኪነጻ ድረስ አንድ ባትሪ አልሸጥም ብዬው ነው የወጣሁት። ሂድ ካልሽኝ የምሄድበት የለኝም።"

ቆሽቴን አሳርሮት እዚያው ላይ ደግሞ የሚያስታግሰኝ ሰው ሌላ የለኝም። "ባዶ እጅህን ነው የምትነቅለው?" አልኩት።

ኪሱ ገባና አንድ ነገር አወጣ። ሁለት ጓንት። ሁለቱም የቀኝ።

"ያን ቀን ከስቶር በጥድፊያ ሳነሳ ሁለት ጥንድ ነው ያበላሸሁት" አለ። "የስቶሩ ሰውዬ 'የተረፈውን ቀኝ ማን ሊያደርገው ነው?' ብሎ ጮኾብኝ ይዤው ሄድኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናዬ ውስጥ ነው። ልሰጥሽ አስቤ ነበር፤ ግን ግራዎቹን የምትመልሺልኝ እየመሰለኝ ፈራሁ።"

ሳቅም ለቅሶም ባንድ ላይ መጣብኝ። ከቀኝ እጄ ላይ ያንን የተገለበጠ የግራ ጓንት አውልቄ ሰጠሁት። እሱም የቀኝ ጓንት ሰጠኝ። አጠለቅሁት። አውራ ጣቴ ስንት ጊዜ ተሰቃይቶ ዛሬ ገና ቦታውን አገኘ። እሱም አጠለቀና ሁለት እጆቹን ዘርግቶ አየ። "እና አሁን ማን ልትዪኝ ነው?" አለኝ።

"መጀመሪያ ንቀል" አልኩት።

ነቀልን። እሱ ይጎትታል፣ እኔ አፈሩን አራግፌ ወደ ጆንያ እከታለሁ። ሲጎትት ሥሩን ይቆርጠዋል፤ "ከሥሩ ይዘህ!" እያልኩ እጮህበታለሁ። ሲያላበው በጓንቱ ፊቱን ሊጠርግ ይሞክራል፤ እጁን በምት አወርድለታለሁ። ግን ቀና ባልኩ ቁጥር ዓይኑ እኔ ላይ ነው፣ ቀና ባለ ቁጥርም የእኔ እሱ ላይ። ባዶው መሬት ከኋላችን እየሰፋ ሄደ። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ የቀሩን ከቦዩ አጠገብ ያሉት መደቦች ብቻ ነበሩ።

ያን ጊዜ ነው የመኪናው ጥሩምባ የተሰማው። ረዥም፣ የለመደ ሰው ጥሩምባ። ጥቁሩ መኪና በሩ ላይ ቆሟል። ባለቤቱ ጠብቀው ጠብቀው ሲያቅታቸው ራሳቸው ወረዱ። በሽቦው በኩል አዩን፤ ልጃቸውን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ እኔን ከጎኑ። ሁለት ግራ ቀጥ ብሎ ቆመ። የጓንት እጄን በጓንት እጁ ያዘ። አልፈራሁም። ከዚያ በፊት በሕይወቴ እንደዚያ ያልፈራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

"ክፈት!" አሉት አባቴን።

አባቴ ወንበሩ ላይ ነው። ከእግሩ ሥር ያስቀመጠውን ብርጭቆ አነሳ። በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ጠጣ፣ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ፣ አልጠረገውም።

"ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው" አላቸው።

"ተነስ እልሃለሁ! ማን ፊት እንደተቀመጥክ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ" አለ አባቴ።

አልተነሳም።